«አክተሩ» ያልሆነው ሰውዬ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ «ካዛብላንካ» ፊልም ስጽፍ መሀል ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። የፖሊስ አዛዡን ሆኖ የተጫወተው ክሎድ ሬንስ ባይኖር ፊልሙ ግማሽ ይሆን ነበር ብዬ። ስለ ሌላው ነገር ማንም አልጠየቀኝም። ደብዳቤውም የቴሌግራም መልእክቱም ስለዚህ ሰውዬ ነው። ደስ ብሎኛል። ስለዚህ የዛሬው አምድ የሱ ነው። ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ቆጪ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ጽሑፍዎን አንብቤ «ካዛብላንካ»ን ከግቢው ልጆች ጋር በላፕቶፕ አየነው። እኔ የፖሊስ አዛዡ ከሁሉም በለጠብኝ አልኩ። እነሱ ደግሞ «አክተሩ ቦጋርት ነው፣ ያኛው አጃቢ ነው» ብለው ሳቁብኝ። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተከራከርን። ማን ነው ትክክል? ሰውዬውስ ማን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህም አልተሳሳቱም፣ አንተ ግን ያየኸው ነገር አለ።

በቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች «አክተር» የምንለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አክተሩ አይሞትም። አክተሩ ሁሉንም ይመታል፣ መጨረሻ ላይ ልጅቷን ይዞ ይሄዳል። የቀረው ወይ ክፉው ነው ወይ የአክተሩ ጓደኛ ነው፣ ጓደኛው ደግሞ ፊልሙ ሳይጋመስ እንደሚሞት ገና ሳንቀመጥ እናውቀዋለን። በዚህ አቆጣጠር ክሎድ ሬንስ አክተር አይደለም። ሆሊውድ ውስጥ እንደሱ ያሉትን «ካራክተር አክተር» ይሏቸዋል። የፖስተሩን መሀል የሚይዙት እነሱ አይደሉም። ዳኛውን፣ ሐኪሙን፣ ሴናተሩን፣ ጎረቤቱን፣ ወንጀለኛውን የሚጫወቱ ናቸው። ፊታቸውን ታውቀዋለህ፣ ስማቸው ግን ይጠፋሃል።

ሬንስ የተወለደው ኖቬምበር 10 ቀን 1889 ለንደን ውስጥ ነው። የድሃ ቤተሰብ ልጅ ነው። ቲያትር ቤት የገባው ገና በልጅነቱ ነው። ሆሊውድ የመጀመሪያ ፊልሙን ሲሰራ ግን አርባ ዓመት አልፎታል። ሌላው በዛ ዕድሜ ዝናው ሲያረጅ የሱ ገና መጀመሩ ነው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት በቪኤችኤስ ካሴት ነው፣ ፈረንጅ አራዳ አጎቴ ቤት። ክረምት ነው። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ለሰው አይሰማማም። ሳሎኑ ሙሉ ነው፣ ልጆቹ በርጩማ ላይ ተደርድረናል። ካሴቱ ጽሑፍ የለውም፣ እንግሊዝኛችን ደግሞ ያው የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የምናየው ፊት ነው። ፊልሙ አየር ማረፊያው ጋ ደረሰ። ሪክ ማለትም ቦጋርት የጀርመኑን ሻለቃ ተኩሶ ጥሎታል። የፖሊስ መኪና እየበረረ መጣ። ፖሊሶቹ ወረዱ። ካፒቴን ሬኖ ማለትም ሬንስ ቀና ብሎ ሪክን አየው። መብራት ጠፋ።

እስከ ማግስቱ አልመጣም። ያን ማታ ሻማ አብርተን ያወራነው ስለዚህ ሰውዬ ብቻ ነው። አጎቴ «ይሸጠዋል፣ አይኑን አላያችሁም?» አለ። አክስቴ «አይሸጠውም፣ ይወደዋል» አለች። እኔ ሁለቱንም አመንኩ፣ እንቅልፍም አልወሰደኝም። አስበው እንግዲህ፣ ስለ ቦጋርት አንድ ሰው አልተጨነቀም። ቦጋርት ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። አክተር ነዋ። የማይታወቀው ሬንስ ነበር። ከመጀመሪያው ደቂቃ አንስቶ ጉቦ የሚበላ፣ ከተማዋን ለቀው መውጣት የሚፈልጉ ሴቶችን በመውጫ ፈቃድ የሚይዝ፣ ነፋስ ወደነፈሰበት የሚያዘነብል ሰው ሆኖ አይተነዋል። ግን ሲያደርገው ይጫወታል፣ ይቀልዳል፣ ድምፁ ይጥማል። ልትጠላው ስትነሳ ፈገግ ያደርግሃል።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ የሪክን ቡና ቤት የሚያዘጋበት ቦታ አለ። እዚህ ቤት ቁማር ይካሄዳል ብሎ ደንግጫለሁ ይላል። ወዲያው የቤቱ ሰራተኛ መጥቶ ያሸነፈበትን ብር በእጁ ያስይዘዋል። እሱም አመስግኖ ይቀበላል። ሌላ ተዋናይ ቢሆን እዚህ ጋ ጥርሱን ያሳይ ነበር፣ ወይም እያሳቅኩ ነው ብሎ ወደኛ ይዞር ነበር። ሬንስ አይዞርም። ብሩን የሚቀበለው አንድ ሰው መሀረቡን አንስቶ ሲሰጠው እንደሚቀበል ነው። ስራው ነዋ፣ በየቀኑ የሚያደርገው ነው።

በማግስቱ መብራት ሲመጣ ካሴቱን ትንሽ ወደኋላ መለስነው። ሬንስ ሪክን ያያል። ዝም ይላል። ከዚያ ፖሊሶቹን ሌሎች ሰዎችን እንዲለቅሙ ይልካቸዋል፣ ሪክን አሳልፎ አይሰጥም። ውሃ ሊቀዳ ጠርሙስ ያነሳል፣ ጠርሙሱ ላይ «ቪሺ» የሚል ያነባል። ቪሺ በጦርነቱ ጊዜ ለናዚ ያደረው የፈረንሳይ መንግስት መቀመጫ ነበረች። ጠርሙሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጥልና መጣያውን በእግሩ ይመታዋል። በቃ። ንግግር የለም፣ ለቅሶ የለም። አጎቴ ተነስቶ አጨበጨበ። ለቦጋርት አልነበረም።

ለጓደኞችህ እንዲህ በላቸው። ቦጋርት የፊልሙ አክተር ነው። ግን ፊልሙ ውስጥ የተለወጠውን ሰውዬ አይታችሁታል ወይ ብለህ ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ጊንጆ ነው የምኖረው፣ ባንክ ነው የምሰራው። አጭር ጥያቄ ነው። ይሄን ያህል ጎበዝ ከሆነ ኦስካር ስንት ጊዜ ወሰደ?

መልስ፦ አንድም ጊዜ። አራት ጊዜ ታጨ፣ አራቱንም ጊዜ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሄደ። አራቱም የምርጥ ረዳት ተዋናይ እጩነት ናቸው።

የመጀመሪያው በ1939ኙ «ሚስተር ስሚዝ ጎዝ ቱ ዋሺንግተን» ነው፣ ቶማስ ሚቸል ወሰደበት። ሁለተኛው «ካዛብላንካ»፣ ቻርልስ ኮበርን ወሰደበት። ሦስተኛው በ1944ቱ «ሚስተር ስኬፊንግተን»፣ ባሪ ፊትዝጄራልድ ወሰደበት። አራተኛው የሂችኮክ «ኖቶሪየስ» ነው፣ የ1946። የዚያን ዓመቱን ሃሮልድ ራስል ነው የወሰደው። ራስል ሙያው ትወና አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ ሁለት እጁን ያጣ ወታደር ነው፣ ፊልሙም ላይ የራሱን ዓይነት ወታደር ነው የተጫወተው።

እንደኔ እንደኔ የ1946ቱ ምንም አይቆጭም። ከዚያ ጦርነት ማግስት ያ ሽልማት ለራስል መሄዱ ተገቢ ነበር። ሬንስም ራሱ የጦርነት ሰው ነው፣ ስለሱ ቀጥሎ እመጣለሁ። ቶማስ ሚቸልም ትልቅ ተዋናይ ነው፣ በዚያው በ1939 ብቻ አምስት ትልልቅ ፊልሞች ላይ ወጥቷል። የሚቆጨኝ የ«ካዛብላንካ»ው ነው። ያ ፊልም የምርጥ ፊልም፣ የምርጥ ዳይሬክተርና የምርጥ ጽሑፍ ኦስካር ሲወስድ እሱ ባዶ እጁን ቀረ።

ቲያትር ግን አልረሳውም። በ1951 «ዳርክነስ አት ኑን» በሚባል ተውኔት፣ ራሱ ባገለገለው አብዮት የታሰረ ሽማግሌ ሆኖ ተጫውቶ ቶኒ የሚባለውን የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት ወሰደ። ያኔ 61 ዓመቱ ነው።

ደግሞ ሌላም ሽልማት አለ፣ በሳጥን የማይሰጥ። ፊልም ከመጀመሩ በፊት ለንደን በሚገኘው የሮያል አካዳሚ የድራማ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ጆን ጊልጉድና ቻርልስ ሎተን ከተማሪዎቹ ናቸው። ሎተን ኦስካር ወስዷል፣ መምህሩ ግን እድሜ ልኩን አልወሰደም። ባለሙያዎቹ ግን ማን ማንን እንዳስተማረ ያውቁ ነበር።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ ወንድሜ። የቦሳ ቂጦ ነዋሪ ነኝ። የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። ይንተባተባል። በተለይ ሰው ፊት ሲሆን ምላሱ ይያዛል። ዘንድሮ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ድራማ መስራት እፈልጋለሁ ብሎ ተመዘገበ፣ አንዳንድ ልጆችም ሳቁበት። እርስዎ የጻፉለት ተዋናይ በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ሰው ለማጽናናት የሚያወራው ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነት ነው። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ክሎድ ሬንስ ልጅ ሆኖ ይንተባተብ ነበር። በዚያ ላይ «ረ»ን ማለት አይሆንለትም። የራሱን ስም እንኳ ሬንስ ማለት አቅቶት ዌንስ ይል ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ የለንደን ድሆች ሰፈር አነጋገሩ፣ ኮክኒ የሚሉት፣ ወፍራም ነው። ያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ በዚያ አነጋገር መድረክ ላይ ከወጣህ የሚሰጡህ የአሽከር ቦታ ነው።

ትምህርቱን ቶሎ ተወ፣ ቲያትር ቤት ተላላኪ ሆነ። ስራው ምን መሰለሽ፣ ከመጋረጃ ጀርባ እየሮጠ ተዋንያኑን «ተራችሁ ደርሷል» ብሎ መጥራት ነው። ኋላ ደግሞ ቃል ለሚጠፋባቸው ቃሉን ከጀርባ የሚያስታውስ ሆነ። እስኪ አስቢው፣ የሚንተባተብ ልጅ ጥግ ላይ ቆሞ በየማታው የሌሎችን ሰዎች ቃል በሹክሹክታ ሲያነብ። ሁሉንም ቃል ያውቃል፣ መናገር ግን አልተፈቀደለትም።

የቲያትር ቤቱ ጌታ ሰር ኸርበርት ቢርቦም ትሪ ይባላል። በጊዜው ከእንግሊዝ ትልልቆች አንዱ ነበር፣ ያንን የድራማ ትምህርት ቤት ያቋቋመውም እሱ ነው። ይሄ ሰው ልጁን አየው። ተሰጥኦ እንዳለው ገባውና ንግግር የሚማርበትን ገንዘብ ከኪሱ ከፈለለት። ልጁ ደግሞ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ተለማመደ። አነጋገሩን ከስሩ ነቅሎ አዲስ ተከለ ማለት ይቻላል።

ከዚያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ሬንስ ተራ ወታደር ሆኖ ገባ፣ ካፒቴን ሆኖ ወጣ። ፈረንሳይ ውስጥ ቪሚ በሚባል ቦታ የመርዝ ጋዝ አገኘውና የአንድ አይኑን ብርሃን ሊያጣ ምንም አልቀረውም፣ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተመለሰለትም። ካሜራ ፊት ግን አይታወቅበትም። «ሚስተር ስኬፊንግተን» ላይ ከናዚ ካምፕ ታውሮ የተመለሰ ባል ሆኖ ሲጫወት ግን እኔ ሁልጊዜ ያ አይኑ ትዝ ይለኛል። እጁን ወደ ወንበር ሲሰድ አይቸኩልም፣ አይንቀጠቀጥም፣ ሰው እንዳያዝንለት ነው የሚጠነቀቀው።

አሁን ልጅሽ ሊሰማው የሚገባው ደረሰ። በ1933 ዳይሬክተሩ ጀምስ ዌል «ዘ ኢንቪዚብል ማን» የሚባል ፊልም ሊሰራ ነው። የማይታይ ሰው ነው ታሪኩ። ተዋናዩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወይ በፋሻ ተጠቅልሏል ወይ ጭራሽ አይታይም። ፊት የለም። አይን የለም። ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ለዚያ ድምፅ የተመረጠው ማን ነው? ያ ስሙን መጥራት ያቅተው የነበረው ልጅ! ተመልካቹ ፊቱን የሚያየው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ለትንሽ ሰኮንዶች፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ። እንግዲህ ሆሊውድ ውስጥ ስሙ የተነሳው በዚህ ፊልም ነው።

ድምፅ ብቻውን ምን ሊሰራ እንደሚችል እኛ እናውቃለን። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ፊቱን አይተን የማናውቅ ሰዎች እንኳ ጉዱ ካሳን ፊት ለፊት አይተነዋል። የሬንስም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ለስለስ ያለ ነው። ከዚያ በመሀል ይጠነክራል፣ ይስቃል፣ ያብዳል፣ መልሶ ደግሞ ይለምናል። ጭንቅላቱ የተነካ ሰው መሆኑን በፋሻው ላይ አታይም፣ ከድምፁ ውስጥ ትሰሚዋለሽ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ስለዚህ ልጅሽ መንተባተቡን ይተዋል አይተውም ልልሽ አልችልም። የሳቁበትን ልጆች ግን እንዳይሰማ አድርጊው። ድራማው የሚታይበት ቀን ሲታወቅ ደግሞ ጻፊልኝ፣ እመጣለሁ፣ ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው።

ጥያቄ፦ «ኖቶሪየስ» ላይ ከኢንግሪድ በርግማን ስለሚያጥር ከፍ ባለ ነገር ላይ ያቆሙት ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ በርግማን ረጅም ናት። ሂችኮክ አንዳንዱን ቦታ ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ አስኪዶታል። ግን ፊልሙ ላይ ቁመቱ ተደብቆ አልቀረም፣ ጠቅሞታል እንጂ። ከሱ የምትረዝም ሚስት፣ ከሱ የምትጠነክር እናት፣ መሀል ላይ ትንሽ ሰውዬ። ለምን እንደምወድለት ከታች ላለው ደብዳቤ ስመልስ ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከጅሬን። የአምድህ ደንበኛ ነኝ፣ በዚህኛው ግን አልስማማም። ይህን ሰው በብዙ ፊልም አይቼዋለሁ። ሁልጊዜ ያው ነው። አንድ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል፣ በለሰለሰ ድምፅ ይናገራል፣ ጥሩ ሱፍ የለበሰ ተንኮለኛ ነው። ይህ ተሰጥኦ ነው ወይስ ልማድ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። በከፊል እውነት አለዎት። ሰውዬው እንጀራውን የሚበላው በዚህ ነው፣ ስቱዲዮዎቹም ያንን ቅንድብ ደጋግመው ገዝተዋል። በ1938ቱ የሮቢን ሁድ ፊልም ላይ ልዑል ጆንን ሲጫወት ያ ሁሉ ቅንድብና ያ ሁሉ ማላገጥ አለ፣ እኔ ደስ ይለኛል፣ ግን ጥልቀት አለው አልልም። በ1960 «ዘ ሎስት ወርልድ» ላይ ደግሞ እንሽላሊት ዳይኖሰር ተመስሎ በሚቀርብበት ፊልም ውስጥ እየጮኸ ይዞራል። ያንን ለማንም እዩት አልልም።

ግን ሁልጊዜ ያው ነው የሚለውን አልቀበልም። «ናው ቮዬጀር» ላይ ሐኪም ነው፣ ያውም ቸር ሐኪም። በእናቷ ጭቆና የተሰበረችን ሴት ሳይቆጣና ሳይሰብክ ቀና የሚያደርግ። ቤቲ ዴቪስ ናት ሴቲቱ፣ እሷም አብረዋት ከሰሩት ሁሉ በጣም የምታደንቀው እሱን እንደነበር በየጊዜው ተናግራለች። እዚያ ላይ አንድም ተንኮል የለም።

ተንኮለኛ ሲሆንስ? የኔ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሌሎች ክፉ ሰው ሲጫወቱ ክፉው ክፉ መሆኑን አያውቅም፣ ወይም ያውቃል ግን ግድ የለውም። የሬንስ ክፉ ሰው ጥፋቱን ያውቀዋል። ፊቱ ላይ ይነበባል። «ሚስተር ስሚዝ» ላይ የተከበረ ሴናተር ነው፣ የወጣቱ ሴናተር አባት ጓደኛ የነበረ። በወጣትነቱ ለእውነት የቆመ ሰው ነው፣ ከዚያ ትንሽ በትንሽ ተሸጠ። ልጁ ምክር ቤቱ ውስጥ ቆሞ ጉሮሮው እስኪዘጋ ሲናገር ጀምስ ስትዋርትን አይመልከቱ። ሬንስን ይመልከቱ። ቀና አይልም። ወረቀት ያገላብጣል። ወረቀቱን ግን አያነበውም። መጨረሻ ላይ ሲፈነዳ፣ ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ እየጮኸ ሲገባ፣ ድንገት አይደለም፣ እነዚያ ቀና ያላለባቸው ደቂቃዎች ናቸው የፈነዱት።

ይሉኝታን እንደሱ አድርጎ ያሳየኝ ፈረንጅ የለም። አዎ፣ ይሉኝታ ነው የምለው፣ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

«ኖቶሪየስ»ን እስኪ እንደገና ይዩልኝ። ብራዚል ውስጥ የተደበቁ ናዚዎች አሉ። ሬንስ አንዱ ነው፣ ስሙ አሌክስ ሰባስቲያን ነው። ሀብታም፣ ቤተ መንግስት በሚያህል ቤት ከእናቱ ጋር የሚኖር። ኢንግሪድ በርግማንን አፈቀራት፣ አገባት። እሷ ግን አሜሪካኖቹ የላኳት ሰላይ ናት። አንድ ማለዳ ነገሩ ገባው። ምን ያደርጋል? ይጮሃል? ሽጉጥ ያወጣል? እናቱ መኝታ ቤት ይገባል። እናትየው ተኝታለች። ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጦ ያገባኋት ሴት የአሜሪካ ሰላይ ናት ይላል። ጎረቤት ገርፎት ለእናቱ ሊከስስ የመጣ ልጅ ነው የሚመስለው። እናትየው ብድግ ብላ ሲጋራዋን ትለኩሳለች። ያኔ ነው ቁመቱ የሚጠቅመው ያልኩት።

ከዚያ ሚስትየውን በመርዝ ሊገድሏት ይጀምራሉ። መርዙን በምን እንደሚሰጧት ያስታውሳሉ ጋሼ? በቡና ነው። ቡና በሚበቅልበት አገር ተቀምጦ ያንን ማየት ይከብዳል። ስኒው ካሜራው ፊት ትልቅ ሆኖ ይቀመጣል፣ እሷ ከኋላ ትንሽ ሆና ትታያለች። ሬንስ ግን ያኔም ባል ነው። ጠጪ እንጂ ይላል፣ ደከመሽ እንዴ ይላል። ያፈቅራታል እኮ! እየገደላትም ያፈቅራታል። ይሄንን ሁለት ነገር በአንድ ፊት ላይ የሚያስቀምጥ ስንት ሰው አለ?

መጨረሻው ደረጃው ላይ ነው። ካሪ ግራንት ሚስትየውን ደግፎ ከፎቅ ያወርዳታል። ታች ሳሎኑ ውስጥ የሰባስቲያን ናዚ ጓደኞች ቆመው ያያሉ። አንድ ባልደረባቸው ከዚህ በፊት የወይን ጠርሙስ አይቶ በሰው ፊት ስለደነገጠ ብቻ አስወግደውታል። ሚስቱ ሰላይ መሆኗን ቢያውቁ ደግሞ እሱን ምን እንደሚያደርጉት ያውቃል። ስለዚህ ሰባስቲያን ጠላቱ ሚስቱን ሲወስድበት ማቆም አይችልም። ማገዝ አለበት። አብሮ ደረጃውን ይወርዳል፣ ታማ ነው፣ ሆስፒታል እየወሰድናት ነው ይላል። እያንዳንዷን ደረጃ ሲረግጥ ፊቱን ይዩት። አንዴ ወደ ላይ፣ ወደ እናቱ። አንዴ ወደ ታች፣ ወደ ጓደኞቹ። ድምፁ ግን አሁንም ጨዋ ነው፣ እንግዳ እንደሚሸኝ አባወራ።

መኪናው ጋ ደረሱ። ግራንት እሷን አስገባ፣ ገባ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ሰባስቲያን መስኮቱ ጋ ቆሞ ውሰዱኝ ብሎ ለመነ። መኪናው ሄደ። ከኋላው፣ ከቤቱ በር፣ አንዱ ጓደኛው በስሙ ጠራው። ግባ፣ ላነጋግርህ ነው ዓይነት ነገር። አይሮጥም። አይጮህም። ዞር ብሎ ደረጃውን አንድ በአንድ ይወጣል፣ ጀርባውን ነው የምናየው፣ ትንሽ ጀርባ። በሩ ይዘጋል።

ናዚ ነው። ሚስቱን ሊገድል ነበር። ግን ጋሼ፣ ያ በር ሲዘጋ አንጀቴ ይላወሳል፣ ሁልጊዜ። ያንን ቅንድብ ማንም ሊኮርጀው ይችላል። ጀርባውን ሰጥቶ እንደዚያ የሚያሳዝን ሰው ግን እስካሁን አላየሁም፣ ለዚህ ነው ልማድ የማልለው። እርስዎ እንደገና አይተው ካልተስማሙ ይጻፉልኝ፣ እንደገና አወጣዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሂርማታ ገበያ ነው የምሰራው። ስራ የምጨርሰው ማታ ነው፣ ረጅም ፊልም ይከብደኛል። ከየትኛው ልጀምር? ደግሞ ጥቁርና ነጭ ፊልም እንቅልፍ አያመጣም?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥቁርና ነጭ መሆኑን ከአስር ደቂቃ በኋላ ትረሺዋለሽ። ክፍሉን አጨልሚው፣ ድምፁን ከፍ አድርጊው። የስልኩን ሳይሆን የስፒከሩን ድምፅ፣ ከቻልሽ። የሬንስ ግማሹ ድምፁ ነው።

«ካዛብላንካ» 102 ደቂቃ ነው፣ «ኖቶሪየስ»ም እዚያው አካባቢ ነው። «ሚስተር ስሚዝ» ከሁለት ሰዓት ያልፋል፣ እሱን ለእሁድ አቆዪው። ቀለም ካልሆነ አልልም ካልሽ በ1962 የተሰራው «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» ላይ አለ፣ ሽበት የወረሰው ዲፕሎማት ሆኖ፣ ግን እሱ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ነውና ለድካምሽ አይሆንም። ሬንስ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፣ በ1967 በ77 ዓመቱ አረፈ።

ስለዚህ ባንቺ ሁኔታ በ«ዘ ኢንቪዚብል ማን» ጀምሪ። 71 ደቂቃ ብቻ ነው፣ እራት እየበላሽ ያልቃል። እንዴት እንደሰሩት ማወቅ ከፈለግሽ፣ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ በጥቁር ከፋይ ጠቅልለው፣ ከላይ ልብስ አልብሰው፣ በጥቁር መጋረጃ ፊት ነው ያነሱት። ከዚያ ሌላ ቦታ ከተነሳው ምስል ጋር አገጣጠሙት፣ ልብሱ ብቻ የሚሄድ ይመስላል። ያኔ ኮምፒዩተር የለም።

ታሪኩ አልቋል ብለሽ ግን ቶሎ እንዳትዘጊው። ፊቱ የሚመጣው መጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ነው።